ያልተተወችው መስመር

ዱን ሥራ ላይ ሲሆን አጠገቡ የሚያወራ ሰው አይወድም ነበር። ካወሩበት መቅረጫውን ቁጭ ያደርግና «በሉ ጨርሱ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ሥራው እንደሆነ የጌታ ነው፣ ወሬው ግን የራሳችሁ ስለሆነ አይቋረጥባችሁ» ይላል። ሰዉ ይስቅና ዝም ይላል። በሉዎ ወንዝ ዳር ባለው የነሐስ ማቅለጫ ግቢ ከሦስት መቶ ነፍስ በላይ ነበርን፤ ጭቃ ረጋጭ፣ ከሰል አክሳይ፣ ወናፍ ነፊ፣ ነሐስ አፍሳሽ፣ የሌለ አልነበረም። እንደ ዱን ያለ ቀራጭ ግን ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው የሞተ ሰው ይወደሳል ተብሎ አይደለም፤ በቁሙም የማይወዱት ሳይቀሩ ይሉት የነበረ ነው።

አያቱ ከዪን ተነድተው የመጡ ናቸው። ዛሬ የሚገዙን ዦዎች ያቺን ትልቅ ከተማ ሲይዙ ጌታውን ገደሉ፣ ባለሙያውን ግን አልነኩም፤ ባለሙያ ይጠቅማላ! ከነሚስቱ ከነመቅረጫው እየነዱ አምጥተው ወንዙ ዳር አሰፈሩት። እንግዲህ በዚያ ቤት አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ ያወረሱት መሬት የለም፣ በሬም የለም። ያወረሱት አንድ ፊት ነው፤ ዓይኖቹ የፈጠጡ፣ ቀንዱ የተቆለመመ፣ የላይ ጥርሱ የሚታይ፣ የታች መንጋጋ ግን የሌለው የአውሬ ፊት። ለሙታን የበሰለ እህል የሚቀርብበት የነሐስ ገበቴ፣ ሆዱ ላይ ያ ፊት ከሌለው በኛ በዪኖቹ ዘንድ ገበቴ አይባልም ነበር። ዱን ልጅ ሳለ «አባባ፣ የምን አውሬ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቱ በጥፊ አጮለውና «ጠያቂ የሚበላ አውሬ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

አለመጠየቅ ራሱ የቀራጮች ሙያ ነው። በገበቴው ወለል ላይ ጽሑፍ ይገባል፤ ባለቤቱ ለገዛ ሙታኑ የሚለው ነው። የሌላ ሰው ሙታን ጆሮ የሚነገረውን ነገር የሰማ ቀራጭ እጁ ይደርቃል ይባላል። ስለዚህ ጸሐፊው በቀርከሃ ጽፎ ያመጣል፣ ቀራጩ እንዳየው ይቀርጻል፣ አለቀ። ዱን አንዲት ፊደል ሳያውቅ አርባ ዓመት ፊደል ሲቀርጽ ኖረ። ይህንም እንደ ትልቅ ጨዋነት ይቆጥረው ነበር፤ «እኔ የሰው ምሥጢር ሰምቼ አላውቅም» እያለ ይኩራራል። አይ ጨዋነት!

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ገበቴው በሸክላ ይሠራል። በላዩ ለስላሳ ጭቃ ይለበድና ቅርፊት ይወጣለታል፤ ጌጡ የሚቀረጸው በዚህ ቅርፊት ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ጽሑፉ ለብቻው በጠፍጣፋ ሸክላ ተቀርጾ መሀል ከሚቀመጠው የሸክላ ልብ ላይ ይታተማል። በልቡና በቅርፊቱ መካከል ያለችው ጣት የማታስገባ ክፍተት ነሐሱ የሚፈስባት ናት። ነሐሱ ሲበርድ ቅርፊቱ ይሰበራል። ዱን ሁለት ሦስት ወር የደከመበትን ቅርጽ በገዛ እጁ በድንጋይ ከትክቶ ይጥለዋል፤ ገበቴው ወደ ጌታ ቤት ይሄዳል፤ እሱ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ነፍስ ማሽላ የሚያቀርበው ጠርዙ በተሸረፈ የሸክላ ሳህን ነው። ለኛ ነሐስ ማን ፈቅዶ!

ሁለት ወንዶች ልጆቹ ከንጉሡ ጦር ጋር ወደ ደቡብ ዘምተው ቀሩ። ሚስቱ መርዷቸውን በሰማች በዓመቷ ሞተች። የቀረችው ያኦ ናት፣ የመጨረሻዋ። ዱን ሃምሳ ካለፈው በኋላ ዓይኑ ደከመ፤ የቅርቡ ሁሉ ጭጋግ ሆነበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ወደ ጭቃ ረገጣ ይወረወር ነበር። ያኦ ግን ልጇን አዝላ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ የጸሐፊውን ቀርከሃ ትይዛለች፣ እሷም ፊደል አታውቅም፣ ያየችውን ብቻ ትነግረዋለች፤ «አንዱ ወደ ታች አባባ፣ ሁለቱ አግድም፣ ከጎኑ እንደ ታጠፈ ጉልበት።» እሱ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይቀርጻል። በምድር ላይ የኔ የሚላት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን እሱም አይደብቅም፣ እኛም እናውቃለን። ባሏ ፔይ ነሐስ አፍሳሽ ነው፤ ቁመቱ እንደ በር፣ ሳቁ ከወናፍ የሚብስ። ዱን መጀመሪያ «ይህ ነጎድጓድ ቤቴ አይገባም» ብሎ ምሎ ነበር። ገባ። ኋላማ ሕፃኗን ከፔይ ጀርባ ነጥቆ የሚያዝላት ራሱ ሆነ።

ታዲያ በአንድ መኸር ወሬ መጣ። ባላባት ሹን የሚባሉት በምዕራብ ጠረፍ ጦርነት አሸንፈዋል፤ ንጉሡም ፈረስና የመገበያያ ዛጎል ሰጥተዋቸዋል፤ ከፈረሱ ጋር ሰውም ይሰጧቸዋል፣ ሰውየውም በጠረፍ የራሳቸውን ማቅለጫ ሊያቆሙ ስለሆነ የሚሰጠው ሰው ከኛ ግቢ ነው ተባለ። ጠረፍ ማለት የሃምሳ ቀን መንገድ ነው። የሄደ ሲመለስ አላየንም። እናቶች ልጆቻቸውን እያቀፉ ማደር ጀመሩ፤ ዱንም እራቱን ሳይበላ መተኛት ጀመረ።

በዚሁ ሰሞን የግቢው አለቃ ጌንግ መጣ። ጌንግ ፈገግ ሲል የሚያስፈራ ሰው ነው።

«ጋሼ ዱን፣ ባላባት ሹን ለአባታቸው ገበቴ አዝዘዋል። ያንተ እጅ ይሁን ብለዋል።»

«የፊቱ ቀንድ እንዴት ይሁን አሉ?»

«ፊት አልፈለጉም። ወፍ ነው የፈለጉት።»

«ምን?»

«ወፍ። ጭራዋ የረዘመ፣ አንገቷን ወደ ኋላ የመለሰች። በዋናው ከተማ አሁን ወጉ ይኸው ነው። ፊቱን የድሮ ሰው ነገር ነው ይሉታል።»

«ዶሮ ካማራቸው ገበያ አለላቸው» አለ ዱን።

ጌንግ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ስማኝ፣ ሰው እየተመረጠ ነው፤ ሰምተሃል መቼም። አፍሳሽም ይፈልጋሉ። ይህ ገበቴ ያለ እንከን ከወጣ፣ እኔ ስለ ልጅህ ቤት አንድ ቃል እናገራለሁ። ካልወጣ ግን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? ፍረደኝ እስቲ።»

ያ ኩሩ ሽማግሌ ምን አለ መሰላችሁ? «የወፏ ጭራ ምን ያህል ይርዘም?» አለ።

ሁለት ወር ሙሉ ወፍ ቀረጸ። የሰፈሩ ቀልደኛ ሁሉ አፉን ከፈተ። «ጋሼ ዱን፣ ዶሮዋ እንቁላል ጣለች ወይ?» «ጋሼ፣ ጫጩት ሲፈለፈል አንዱን ለኔ!» ሌላ ጊዜ ቢሆን መቅረጫውን ይወረውርባቸው ነበር። አሁን ፈገግ ይላል፤ ያ ፈገግታ ከስድቡ ይበልጥ ያሳዝን ነበር። እውነቱን ለመናገር ወፎቹ ልብ ይሰርቁ ነበር። አንዷ ላባ እንኳ ከሌላዋ አትምታታም። ከአባቱ የወረሰውን የአውሬ ፊት ያስገባው በገበቴው ሁለት እጀታዎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ፤ ጌንግም አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ከዚያ ጸሐፊው ዦንግ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ዦንግ ጠላ የሚወድ፣ እጁ ሳይጠጣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲጠጣ ቀጥ የሚል ሰው ነበር። አንድ ክረምት ታሞ በር ዘግቶ ሲተኛ ሾርባ ያመላለሰችለት ያኦ ናት። ያን ቀን ቀርከሃውን ዘረጋ፤ ያኦ እንደ ልማዷ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጌንግ ከበስተጀርባቸው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ጋሼ ዱን» አለ ዦንግ፣ «ጽሑፉ ረዝሟል። የገበቴው ወለል እንደሆነ አንድ መዳፍ ተኩል ነው። እቺን መስመር ብንተዋትስ?» ከመጨረሻው በፊት ያለችውን መስመር በጣቱ ነካ።

«ለምን ትተዋለች?»

«ዝርዝር ናት። ብትቀር የምትጎዳው ሰው የለም። ማን ይቆጥራታል?»

ጌንግ ከኋላ «ምንድነው እሱ?» አለ።

«ቦታው ጠበበን፣ ጌታዬ።»

«ጋሼ ዱን ይበቃል ካለ ይግባ፤ አይበቃም ካለ ይቅር። እኔ ምን ቸገረኝ» አለ ጌንግ። ኋላ ስናስበው ሰውየው በዚች እንኳ አልዋሸም፤ ያን ቀን ነገሩ ሁሉ በዱን አፍ ላይ ነበረ።

ዱን ግን ደሙ ፈላ። ሁለት ወር ዶሮ ቀርጾ፣ ተሰድቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰካራም መጥቶ አይችልም ሊለው! «አባቴ ከነሐስ ላይ አንዲት ፊደል አስቀርቶ አያውቅም» አለ። «አያቴም። እኔም አላስቀርም። ፊደሉን አጠበዋለሁ፣ መስመሩን አጠጋጋዋለሁ፣ ሁሉም ይገባል።»

«ጋሼ፣ እጅህ ይደክማል። ዓይንህም እኮ...»

ይህችን ማለት አልነበረበትም።

«ዓይኔ አጠገቤ ተቀምጣለች!» አለ ዱን ያኦን እያሳየ። «አንተ ስለ ዓይኔ አትጨነቅ፤ ስለ እጅህ ተጨነቅ።»

ዦንግ ያኦን አያት። ከዚያ ጌንግን ገልመጥ አደረገና ብሩሹን ሰብስቦ ሄደ። ዱን ያን ቀን ጸሐፊውን አሳፈርኩት ብሎ ደስ ብሎት ዋለ፤ ማታም እራቱን በላ።

ሰባ ስምንት ፊደል ነበር። ያኦ አንድ በአንድ እየነገረችው፣ እሱ እየዳሰሰ፣ በሰባት ቀን ጨረሱት። መስመሮቹ እንደ ተፈተለ ክር ቀጭን ነበሩ፣ አንዷም አልተዛነፈችም። ነሐሱን ያፈሰሰው ፔይ ነው። ሲያፈስ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብሎ የማያውቀው ሰውዬ ያን ቀን ትንፋሹን ዋጠ፤ ለምን እንደሚያፈስ ያውቃላ። ቅርፊቱ ሲሰበር ገበቴው ወርቅ መስሎ ወጣ። አንድ ቀዳዳ የለ፣ አንድ ስንጥቅ የለ። ጌንግ በጣቱ አንጓ መታ ሲያደርገው ድምፁ ግቢውን ዞረ። ዱን እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ቤቴን አተረፍኩ» አለ፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ገበቴው ከወጣ በስምንተኛው ቀን የባላባት ሹን አዛዥ መጣ፣ ከጦረኞች ጋር። ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ገበቴው በአራት ማዕዘን መቆሚያው ላይ ጉብ ብሏል፣ ወፎቹ ፀሐይ ላይ ያበራሉ። አዛዡ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፦

«በዘጠነኛው ወር ንጉሥ በአዳራሹ ተቀምጦ ሹንን አመሰገነ። ዛጎል ሃያ ዘለላ ሰጠው፣ ፈረስ አራት ሰጠው። ሰውም ሰጠው፤ ከጭቃ ረጋጮች የጉ ቤት፣ ከከሰል አክሳዮች የማን ቤት፣ ከነሐስ አፍሳሾች የፔይ ቤት። ሹን የንጉሥን ቸርነት እያመሰገነ ለአባቱ ይህን ገበቴ አሠራ። ልጅና የልጅ ልጅ ለዐሥር ሺህ ዓመት ይጠቀሙበት።»

ፔይ ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ! ቀልድ መስሎት ዙሪያውን አየ፤ የሚስቅ ሌላ ሰው ሲያጣ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ያኦ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ዱን ገና አልገባውም፤ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ የሰውን እጅጌ ይጎትታል።

አዛዡ ቀና አለና «በቃል ሲነገረኝ አራት ቤት ነበር። አራተኛው የታለ?» አለ።

«የወናፍ ነፊው የዉ ቤት ነበር» አለ ጌንግ።

አዛዡ እንደገና አጎነበሰና በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። «እዚህ የለም። በነሐሱ ያልገባ የኛ አይደለም። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ባሮቼን ነዳችሁ ብሎ ንጉሥ ፊት ቢያቆመን፣ ጌታዬ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የዉ ቤት ይቅር።»

የዉ ሚስት መሬት ላይ ተደፍታ አፈሩን ሳመች። ዱን ያን ጊዜ ገባው።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር!» አለ ጌንግን።

«እናገራለሁ አልኩ፣ ተናገርኩም። ቀድሞ ተጽፎ ነበራ።»

«መቼ?»

«ወፏን ከማዘዝህ በፊት» አለ ጌንግ፣ እንዲያው ዝም ብሎ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። አሟሟቱን ያክፋውና!

ዱን እየዳሰሰ፣ ሰው እየገፋ፣ ዦንግን ከበሩ ሥር አገኘው። ያን ቀን ዦንግ አልጠጣም ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩህ እኮ! ተዋት አልኩህ! ለምኜ እኮ ነው ያልኩህ!»

«ፔይ ነው አላልከኝማ!»

«ጌንግ ከጀርባህ ቆሞ? እግሬ ይቆረጥ? ብትተዋት ኖሮ ቦታ አልበቃም ተብሎ ትቀር ነበር። የቀርከሃው ዝርዝር ይበሰብሳል፣ ይጠፋል፣ የሚሟገትበትም የለም። ዉን አላየኸውም? በቃል ብቻ ስለነበር ይኸው ቀረ። ሞኝና ነሐስ የያዘውን አይለቅም፣ ጋሼ።»

«በማግስቱስ? ለብቻዬ ስሆንስ አፍ አልነበረህም?»

«ፈራሁ» አለ ዦንግ። «ሌላ ምን ልበልህ፣ ፈራሁ።»

ዱን ሊመታው እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። ማንን ይምታ? ያቺን መስመር ከሞት የመለሳት ራሱ ነው። ንጉሥ ፈረደ፣ አለቃ ዋሸ፣ ጸሐፊ ፈራ፤ ቤቱን ነሐስ ውስጥ ያስገባው ግን የዱን ኩራት ነው። እኔ ይህን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ፤ «ምስኪኑን ሽማግሌ ተወው» ይሉኛል። እኔ ምስኪን አይደለም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። የሚነግረው ሰው ስለሌለ መቅረጹ ቀረ፤ ጭቃ ረጋጭ አደረጉት፤ አጠገቡ ቢያወሩም ቢዘፍኑም ተናግሮ አያውቅም። ከጠረፍ አንድም ቃል አልመጣም። ስለነዚያ ዓመታት የማወራው የለኝም። የማወራው ስለዚያ የመለያያ ጠዋት ነው።

ሦስቱ ቤቶች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር፣ ዕቃቸውን ተሸክመው። ገበቴው በገለባ ተጠቅልሎ በፊተኛው ጋሪ ላይ ተጭኗል። ፔይ ሕፃኗን ይዟል። ያኦ አባቷ ፊት ቆማለች። እሱ የነጠላዋን ጫፍ ደጋግሞ ያስተካክላል።

«አባባ» አለችው።

«ወዬ።»

«የኛ የትኛዋ ናት?»

«ምኗ?»

«ፊደሏ። ከነዚያ ሁሉ የፔይ የምትለዋ የትኛዋ ነበረች? ዦንግን ጠይቀኸዋል፣ አውቃለሁ።»

ጠይቆት ነበር። ሌሊቱን ሄዶ በሩን ደብድቦ «ስንተኛዋ ናት?» ብሎት ነበር፤ ዦንግም «ስልሳ ሁለተኛዋ» ብሎታል። ከዚያ በኋላ ዱን ስልሳ ሁለተኛዋን ለማግኘት መከራውን አላየም። እጁ ሁሉንም ያስታውሳል።

አጎነበሰና ከመሬት እንጨት አነሳ። ጭጋግ በሆነ ዓይኑ ወደ አፈሩ ተጠግቶ፣ በአውራ ጣቱ እየለካ፣ ጻፋት። አንዲት ጭረት አላጎደለም። አዛዡ ከፊት «ተንቀሳቀሱ!» አለ፣ ጋሪው ተንጫጫ።

ያኦ ቁልቁል አየቻት። «እንዲህ ነው የምንጻፈው?» አለች።

«እንዲህ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ አጎንብሳ በጣቷ ከላይ ጀምራ ተከተለቻት፤ አንዱን ወደ ታች፣ ሁለቱን አግድም።

«እኔ ነኝ እኮ የነገርኩህ» አለች።

ዕቃዋን ተሸክማ ባሏን ተከተለች።